የአንጎል ድምፅና የሰው ቃል

ሰው አፉን ሳይከፍት፣ እጁንም ሳያነሳ ከጭንቅላቱ የወጣ ድምፅ የእርሱ ሥራ ይባላልን? ጥያቄው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በተግባር የታየ ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1929ም አሳተመው። ከነዚህ ሞገዶች አልፋ የሚባለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲረጋጋ ይጎላል። በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚርገበገብ ጆሮ ሊሰማው አይችልም። በ1965 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አልቪን ሉሲየር በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በታዳሚ ፊት፣ ራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎለት ተቀመጠ። ሞገዱ በአምፕሊፋየር ጎልቶ ወደ ድምፅ ማጉያዎች ሲደርስ አጠገባቸው ያሉትን ከበሮዎችና ሌሎች የሚመቱ መሣሪያዎች አንቀጠቀጠ። የሚያስገርመው ግን ሰውዬው ዓይኑን ቢገልጥ ወይም አእምሮውን በአንድ ነገር ቢወጥር አልፋው ይዳከማል፣ ከበሮውም ዝም ይላል። ድምፁ የሚመጣው የማሰማት ጉጉቱን ሲተው ነው!

ታዲያ ሥራው የማን ነው? የሉሲየር ነው እንላለን። ምክንያቱም ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት ወዶና አስቦ ተቀምጧል። ኒያው ከድምፁ ቀድሟል።

ኒያ በሌለበትስ? በ2023 የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ለሚጥል በሽታ ሕክምና አንጎላቸው ላይ ኤሌክትሮድ የተደረገላቸው 29 ሕሙማን የፒንክ ፍሎይድን አንድ ዘፈን አድምጠው ነበር። ኮምፒውተር ከአንጎላቸው ምልክት ብቻ ተነስቶ ዘፈኑን መልሶ አሰማ፤ ደብዘዝ ቢልም ይለያል። መናገር ለተሳናቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሆኖም ልብ እንበል፦ ዘፈኑ በአንጎላቸው ተገኘ ማለት ወደዱት ማለት አይደለም። በጆሮ የገባ ሁሉ ቀልብ የመረጠው አይደለምና።

በዲናችንም ሰው በልቡ ሽው ባለ ሐሳብ፣ እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራበት ድረስ፣ አይጠየቅም። ይህ ታላቅ እዝነት ነው። አላህ ያልጠየቀንን ሐሳብ አሠሪ ከሠራተኛው፣ መርማሪ ከተከሳሹ፣ ነጋዴ ከደንበኛው በመሣሪያ ለቅሞ «ይህ ያንተ ቃል ነው» ቢል በምን ሥልጣኑ ነው? ቺሊ በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎልን እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ ከለላ የሰጠችው ይህን ስጋት አስቀድማ አይታ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ መሣሪያውን በጅምላ መኮነን አይገባም፤ ሕመምተኛን ያናግራልና። መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ የሚለው ነው። ከፈቀደ ድምፁ የእርሱ ነው። ካልፈቀደ ግን የወጣው ድምፅ ምንም ያህል ቢጠራ የተሰረቀ ነው እንጂ የተነገረ አይደለም።