የጋራ ቆጣሪና የጎረቤት ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። እርዳታውን እንሻለን፤ ምሕረቱን እንለምናለን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና መንገዳቸውን በተከተለ ሁሉ ላይ ይስፈን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ከዚህ በመቀጠል፤ ዛሬ የምናነሳው የቤታችንን እሳት ነው። እንጀራችን በምን ይጋገራል? ወጣችን በምን ይበስላል? አምፖላችን በማን ሂሳብ ይበራል?

ዳላስና ሂውስተን የሚኖሩ ወገኖቻችን መብራት የሚሸጥላቸውን ድርጅት ራሳቸው ይመርጣሉ። የቴክሳስ ገበያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ከተከፈተ ወዲህ አንዱ ሲወደድባቸው ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በፌብሩዋሪ 2021 ያ ከባድ ብርድ ሲመጣ ግን፣ በርካሽነቱ ተስበው ከጅምላ ገበያ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ዋጋ የፈረሙ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ የሺዎች ዶላር ሂሳብ ደረሳቸው። ሸሪዓችን ገረር፣ ማለትም መጨረሻው ያልታወቀ ነገር፣ ካለበት ውል የሚያስጠነቅቀን ለዚህ ነው፤ ምን እንደሚያስከፍልህ ሳታውቅ አትፈርም።

በእኛ አገር ለቤት መብራት የሚሸጠው አንድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ እቤታችን አድርሶ ሂሳብ መሰብሰቡ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ስለዚህ «ከየትኛው ድርጅት ልግዛ» የሚል ጥያቄ የለብንም። ይሁን እንጂ ምርጫ የለንም ማለት አይደለም። ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሾላ እስከ የካ አባዶ ያለ አባወራ ሁሉ በእንጨት፣ በከሰል፣ በአከራይ መስመርና በግል ቆጣሪ መካከል ይመርጣል። በዚያ ምርጫ ውስጥ ደግሞ የሌላ ሰው ሐቅ አለ።

ከእንጨቱ እንጀምር። አላህ በሱረቱል ዋቂዓ ስለምናቀጣጥለው እሳት ይጠይቀናል፤ ዛፏን ያስገኘው ማን እንደሆነ እንድናስተውል ያደርገናል። ይህች ከተማ በዛፍ እጦት ልትፈርስ ምንም አልቀራትም ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶ አልቆ፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንጦጦን ከላይ እስከ ታች ያለበሰው እሱ ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን እየለቀሙ በገመድ አስረው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ዳገቱን የሚወርዱት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገመዱን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው እጁን ለልመና ከሚዘረጋ እንደሚሻል ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። እንግዲህ ያቺን ሴት ስናያት በክብር እንያት። ዋጋ ስንከራከራት የወረደችውን ዳገት እናስብ።

ጭሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በኛ ቤት ይህን ጭስ የሚስበው ማን ነው? ምጣዱ ላይ የምትጎነበሰው ሚስት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን። ባል ሆይ፣ አቅሙ እያለህ «እንጨት ይረክሳል» ብለህ ሂሳብህን የዘጋህ እንደሆነ፣ ሂሳቡን በዓይኗና በሳንባዋ የምትከፍለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጋራ ቆጣሪው እንምጣ፤ ሰፈራችንን ያስጨነቀው እሱ ነውና። በአንድ ግቢ አራትና አምስት ተከራይ ይኖራል፤ ቆጣሪው አንድ ነው፤ ስሙም የአከራዩ ነው። አከራዩ በአምፖል ይህን ያህል፣ በቴሌቪዥን ይህን ያህል ብሎ ይተምናል፤ ወይም «ምጣድ ክልክል ነው» ይላል። ምጣድ የተከለከለችው ተከራይ ከሰል ትገዛለች፤ ወይም ሌሊት ሰው ሲተኛ በስርቆሽ ትጋግራለች። ጠዋት ቆጣሪው ላይ የተሞላው ካርድ አልቆ ይገኛል። «ማነው የጋገረ?» ይባላል። ሰላም ሳይባባሉ ሳምንት ያልፋል።

ወገኖቼ! ቆጣሪ ሚዛን ነው። አላህ በሚዛን የሚያጎድሉትን በሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያ ላይ አስጠንቅቋል፤ ሱራው ስሙን ያገኘውም ከነሱ ነው። ሰባት መቶ ብር የሞላ አከራይ ከአራት ተከራይ ሦስት ሦስት መቶ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ትርፉን ነግሯቸው ተስማምተውበታል ወይ? ካልነገራቸው ያ አምስት መቶ ብር ከየት መጣ? ተከራዩም አንድ አምፖል አስመዝግቦ በድብቅ ምድጃ የሚሰካ ከሆነ የጎረቤቱን ገንዘብ እየበላ ነው። ከምሰሶ ሽቦ ጠልፎ፣ ወይም ቆጣሪ አስነካክቶ በነፃ የሚጠቀም ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ነው የሚሰርቀው፤ «የመንግሥት ነው» ማለቱ ሐላል አያደርግለትም።

ዋጋው ራሱ በእርከን የሚሄድ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከጭማሪው ነፃ ተደርጎ ነበር፤ የታሰበው ለድሃው ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ እያደገ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ ዝቅተኛው እርከን ላይ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 135 ሆነው ከፍ ወዳለ እርከን ይወጣሉ። ለድሃው የታሰበው ቅናሽ ድሃው ጋ ሳይደርስ ቀረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በወር አሥራ አራት ሰዓት ከበራ እሱ ብቻውን 50 ሊሞላ ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ አሲቱን በአንዴ ይጋግራል፤ ምጣዱን አግሎ ባዶውን አያቆየውም።

ስለዚህ የግል ቆጣሪ ማስገባት የምትችሉ አስገቡ እላለሁ። ወጪው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ መመላለስም አለው። አከራዮች፣ ተከራያችሁ ቆጣሪ ላስገባ ሲል ፊርማችሁን አትንፈጉት። ማስገባት የማይቻልበት ግቢ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ለየቤቱ አነስተኛ ቆጣሪ አስገጥማችሁ ንባቡን ወር ሲገባ ሁላችሁም ባላችሁበት ጻፉት። አላህ በሱረቱል በቀራ ዕዳን ጻፉ ብሎ ያዘዘን ወንድማማቾች በገንዘብ እንዳንጣላ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ከሚስታችሁ ጋር ተማከሩ፤ ምድጃው አጠገብ የምትውለው እሷ ናትና። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ኢስቲኻራ አድርጉ።

ይህን እናገራለሁ፤ ለኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት።

*

ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይስፈን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊሞች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸው ተነግሯል። ስለዚህ የግል ቆጣሪ ያስገባ ሰው በሩን አይዝጋ። መብራት የሄደባት ጎረቤት ስልክ ቻርጅ ላድርግ፣ ለልጄ ወተት ላሙቅ ብትል «ካርዴ ያልቃል» አትበሏት። ከእንጦጦ ለምትወርደው እናትም፣ እንጨቷን መግዛት ስታቆሙ ሰላምታዋንና ሰደቃዋን አታቁሙ፤ ልጇን ሥራ የምታስገቡበት መንገድ ካለ ፈልጉላት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመኝታ በፊት መብራት እንዲጠፋ ያዘዙት ቤት እንዳይቃጠል ነው። ዛሬ ማታ የቤታችሁን ሽቦ እዩ። በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ፣ አንድ ሶኬት ላይ ምጣድና ምድጃ የተደራረበበት ካለ ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ። ከሰል ያለበት ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ፤ በዚህ ብርድ ሰፈር በዚህ መንገድ የሚያልፍ ነፍስ አለ።

አላህ ሆይ! ሲሳያችንን ሐላል አድርግልን። በሚዛን ከማጉደል ጠብቀን። ዳገት ለሚወርዱ እናቶቻችን ጉልበት ስጣቸው፤ ከዚህ የቀለለ ሥራም ክፈትላቸው። በጭስ የታመሙትን ሺፋ ስጣቸው። በአንድ ግቢ የተኳረፉትን አስታርቅ። አሚን።

ሶላት ይቋቋም።