የተካከለ ሚዛን ሁሉ እውነተኛ ነውን?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ ልጆች ረዥም ግንድ በድንጋይ ላይ አጋድመው፥ ከዳርና ከዳር ተቀምጠው፥ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ታላቁ ልጅ ወደ ድንጋዩ ቀረብ፥ ታናሹ ወደ ዳር ራቅ ብለው ሲቀመጡ ግንዱ ወደ ማንም ሳያዘነብል መቆሙ ነው። ክብደታቸው ሳይተካከል ግንዱን ያስተካከለው ምንድር ነው?

ክብደት ብቻውን አይሠራም፤ ከመደገፊያው ካለው ርቀት ጋራ ተባብሮ ይሠራል እንጂ። 40 ኪሎ የሚመዝነው ከድንጋዩ 1 ሜትር፥ 20 ኪሎ የሚመዝነው 2 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፥ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ ለሁለቱም 40 ይሆናልና ይተካከላሉ። ይህን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የሲራኩሱ አርኪሜዴስ በመጽሐፍ አስረድቶታል። ታናሹ ግን ይህን ኀይል በነጻ አላገኘውም፤ ታላቁን አንድ ስንዝር ከፍ ለማድረግ እርሱ ሁለት ስንዝር ይወርዳል። በኀይል ያተረፈውን በመንገድ ይከፍላል። ድንጋዩ ደግሞ ዝም ብሎ የሁለቱን ክብደት በአንድነት ይሸከማል።

የነጋዴ ሚዛንም ሕጉ ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በየጁቤ አጠገብ ይቆም በነበረው በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጣ ወርቅ ይሸጥ ነበር። ወርቅም ይመዘን የነበረው በወቄት ሲሆን፥ አንዱ ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፥ ማለት 28 ግራም ያህል ነበር። እንግዲህ የሚዛኑ አንዱ ክንድ 11፥ ሌላው 10 ጣት ቢሆን፥ በአጭሩ ክንድ የተንጠለጠለውም ሳሕን በዚያው ልክ ከበድ ቢል፥ ባዶውን ሲያዩት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሻጩ ወርቁን በረዥሙ፥ ብሩን በአጭሩ ክንድ ቢያኖር፥ 10 ወቄት ወርቅ ከ11 ብር ጋራ ተካክሎ ይታያል። ገዢውም 11 ወቄት የያዘ መስሎት 10 ይዞ ይሄዳል። የሳሕኖቹን መተካከል አየ፤ የመደገፊያውን ቦታ ግን አልመረመረም።

ይህን ግፍ የሚገልጠው ክርክር ሳይሆን መለዋወጥ ነው። ወርቁ በብሩ ቦታ፥ ብሩም በወርቁ ቦታ ይደረግ፤ እውነተኛው ሚዛን እንደ ቆመ ይቆማል፥ ሐሰተኛው ወዲያው ያዘነብላል።

በሰው መካከል ያለ ፍርድም እንዲሁ ይፈተናል። ስለ ድንበር የተጣሉ ባለጠጋና ድኻ በሽማግሌ ፊት ቢቆሙ፥ ለሁለቱም እኩል ቃል መስጠት ብቻ ፍርዱን ቀና አያደርገውም፤ ባለጠጋው በዘመድና በምስክር ክንዱ ረዝሟልና። አንዳንዱም ይህን አይቶ፥ «እንግዲያስ ለድኻው ማድላት ይገባል» ይላል። ነገር ግን ይህም መደገፊያውን ሰውሮ ማንቀሳቀስ ነው። ልጆቹ ቦታቸውን ያለያዩት ሁለቱም እያዩና እየተስማሙ ነው፤ ነጋዴው ግን ሸሽጎ ነው። ግፉ ያለው በቦታ መለያየት አይደለም፤ በመሸሸጉ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ከመፍረዱ በፊት በልቡ ሁለቱን ያለዋውጣቸው። ድኻው ባለጠጋ፥ ባለጠጋው ድኻ ቢሆኑ ያንኑ ቃል ይደግመዋልን? የሚደግመው ከሆነ ይናገር፤ የማይደግመው ከሆነ ግን ዝም ብሎ ዳግመኛ ይመርምር። የሁለቱን ሸክም መሸከም የሚከብደው ሰውም በመካከል ባይቀመጥ ይሻለዋል፤ ድንጋዩ ከሸሸ ሁለቱም ይወድቃሉና።