ሕፃን ሲጠየቅ ማን ይመልስ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት፤ በገበያ ቀን ሰውና ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ረዥም ነው። ስለ ቤቱ፤ ስለ ከብቱ፤ ስለ አዝመራው ኹሉ ይጠያየቃል። በመጨረሻም ሽማግሌው የአባቱን ኩታ ይዞ ወደ ቆመው ሕፃን ዝቅ ብሎ «አንተስ ደኅና ነህ?» ይለዋል። ሕፃኑ አፉን ሳይከፍት አባቱ «ደኅና ነው» ብሎ ይመልስለታል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ልጅን በታላላቆች ፊት ዝም ማሰኘት ለእርሱ ጨዋነት ነውን ወይስ ለእኛ ዕረፍት? አባቶቻችን ልጅ በሸንጎ መካከል አይለፍልፍ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስቀድሞ ያልሰማ ሰው የሚናገረው የለውምና። ነገር ግን ቋንቋችንን ራሱን እንመልከት። አማርኛ አንተን ከአንቱ፤ እርሱን ከእሳቸው ለይቶ የሚያከብር ቋንቋ ነው። ሕፃን ታላቁን ሰው «አንተ» ሲል ታርሞ «አንቱ» ማለትን ይለምዳል። ካልተናገረ ግን በምን ይታረማል? አፉን የዘጋንበት ልጅ ከአክብሮቱም ትምህርት ቀርቷል።

ይህን የቀድሞ ሰዎች አልሳቱትም። ማታ በእሳት ዳር አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» እስኪለው ድረስ ይቆያል። መፍታት ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን የሚያህል ከተማ ለአንድ ብላቴና ያስረክባል። የሰባት ዓመት ልጅ አያቱን ረትቶ አገር የሚቀበልበት ሌላ ሸንጎ ወዴት ይገኛል? ተራ መጠበቅን፤ አስቦ መመለስን፤ ሲረታም አለመቆጣትን በጨዋታ ይማርበታል። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ማታ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። በዚያው መሣሪያ እንኳ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከ40 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ተረት የነገሩት፤ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች ሰላምታ ሰጥተው ምላሻቸውን ይጠብቁ ነበር።

መጠየቁ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መስማቱ ነው። ካህኑ ዔሊ ብላቴናውን ሳሙኤልን፤ በሌሊት ሲጠራ ምን ብሎ እንዲመልስ አስተማረው። በነጋም ጊዜ ሳሙኤል የሰማውን ለመናገር ፈራ፤ ነገሩ በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ቅጣት ነበርና። ዔሊ ግን አንዳች እንዳይሸሽገው አዘዘው፤ ክፉውንም ወሬ ከብላቴና አፍ ተቀበለ።

እኔ ዔሊን አልኾንሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንግዶች ጋራ ተቀምጬ ስንጫወት የስድስት ዓመት ልጄ መጥታ በአጠገቤ ቆመች። «አባባ» ብላ ስትጀምር «ሰው ሲናገር ዝም ይባላል» ብዬ መለስኋት። እርስዋም እንደ ታዘዘችው ዝም ብላ ቆመች፤ እንግዶቹም ጨዋነቷን አመሰገኑልኝ። እነርሱን ሸኝቼ ወደ ጓዳ ብገባ ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ነዶ ይቃዣል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጁ ዳነ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ብቆጣ «እንግዳ ነበረ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አስቀድሜ እርስዋን እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ መሬት መሬት እያየች «ደኅና ነኝ» ብቻ ትል ነበር፤ ይህ ብዙ ወራት ቈየ። ባለፈው እሑድ ግን አንድ አዛውንት ዶሮዋ ስንት እንደ ፈለፈለች ቢጠይቋት የጫጩቶቹን መልክ በየተራ ትነግራቸው ጀመር፤ በረካው ተቀድቶም ገና አልጨረሰችም ነበር።