የምርኮኞች ፍቅርና የተስፋ እውነት

በመከራ ዘመን ስለ ተወለደ ፍቅር የሚነገር ታሪክ ለሰው ጆሮ እጅግ ይጥማል። ይኸውም ሰው ሁሉ ሞት ፍቅርን እንዳያሸንፍበት ስለሚፈራ፤ ፍቅር ሞትን አሸነፈ የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ ልቡ ስለሚጽናና ነው። ነገር ግን የሚያጽናና ነገር ሁሉ እውነት ነውን? ብዙ ሕዝብ ባለቀበት ስፍራ ስለ ሁለት ሰዎች ደስታ መናገርስ ሙታንን መበደል አይሆንምን? ይህ ጥያቄ ሊመረመር የሚገባው ነው።

በአውሮፓ ከተነገሩት ታሪኮች አንዱ የላሌ ሶኮሎቭና የጊታ ታሪክ ነው። ሁለቱም ከስሎቫኪያ ተግዘው የመጡ አይሁድ ነበሩ። ላሌ አውሽቪትስ በተባለው የእልቂት ስፍራ በእስረኞች ክንድ ላይ ቍጥር እንዲነቅስ ተመድቦ ሳለ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ጊታን ዐወቃት። ሁለቱም ከሞት ተርፈው በ1945 ተጋቡ፤ ኋላም በአውስትራልያ ኖረው አረጁ። ታሪካቸው በ2018 በልብ ወለድ መልክ በታተመ ጊዜ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ የአውሽቪትስ መታሰቢያ ሊቃውንት ግን ብዙ ስሕተት አለበት ብለው ነቀፉት።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህን ነገር ለመመርመር ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ፋሺስቶች ሴቶችንና ሕፃናትን ሳይለዩ ብዙ ሰው ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ወዳለው ወደ ዳናኔ አጋዙ። በዚያም ሙቀቱ፥ ወባው፥ ተቅማጡና የውሃው ክፋት ሰውን ፈጀው። ከሦስት ዓመት በላይ በዚያ የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ በኋላ በሰጡት ምስክርነት፤ ወደ ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል።

ቡና የሚበቅልበት አገርም ከዚህ መከራ ዕድሉን ተካፍሏል። ጎሬ የአቡነ ሚካኤልን ደም በ1929 ዓ.ም. ተቀበለች። ራስ እምሩም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ከስድስት ዓመትም በላይ በግዞት ኖሩ። ጅማ ከጠላት እጅ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በጅማ ሁለት ጎረቤታሞች ሴቶች ነበሩ እንበል። የሁለቱም ባሎች ተግዘዋል፤ ሁለቱም በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ፤ ስለታቸውን ተስለው፥ ጾማቸውን ጾመው ጠበቁ። ከነጻነት በኋላ የአንደኛይቱ ባል ከስቶና ሸብቶ ተመለሰ፤ የሁለተኛይቱ ግን ቀረ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ የተመለሰውን እያየ፤ «ፍቅሯ አዳነው» ቢል፤ ቃሉ ደግ ይመስላል። ነገር ግን ያች ሁለተኛይቱ በዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። የርስዋ ፍቅር አንሶ ነውን ባሏ የሞተው? የተናገረው ሰው ሳያውቅ በሐዘኗ ላይ ወቀሳ ጨመረባት። የተስፋ ታሪክ በሙታን ላይ ሐሰት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የሁለተኛይቱን ዕጣ ታላላቆችም ቀምሰውታል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ፤ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ፤ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በ1933 ዓ.ም.ም በቶሪኖ ከተማ ዐረፉ። እንግዲህ ፍቅራቸው ከንቱ ነበር ሊባል ይቻላልን? ፍቅር በውጤቱ የሚመዘን ከሆነ አዎን ይባላል። ፍቅር ግን ንግድ አይደለምና በትርፍ አይመዘንም።

የተስፋን ነገር ከኤርምያስ የበለጠ ያስረዳ የለም። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን በተማረከ ጊዜ ሐናንያ የተባለው ሐሰተኛ ነቢይ በሁለት ዓመት ትመለሳላችሁ ብሎ ሰበከ፤ ሕዝቡም ወደደው። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ነው አለ፤ ከሰሚዎቹም ብዙዎቹ የመመለሻውን ቀን እንደማያዩት ገለጠ። ነገር ግን ይኸው መራራ ነቢይ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ልኮ፤ ቤት እንዲሠሩ፥ እንዲያገቡ፥ ልጆች እንዲወልዱ አዘዛቸው። ራሱም ሚስት እንዳያገባ ተከልክሎ ሳለ፤ ከተማይቱ ተከባ እርሱም ታስሮ በነበረበት ሰዓት በዓናቶት እርሻ ገዛ። እርሻውን ግን ሊያርሰው አልበቃም።

ከዚህ የምንማረው ሐሰተኛ ተስፋ ቀን እንደሚቈጥር፤ እውነተኛ ተስፋ ግን ሥራ እንደሚሠራ ነው። የአጋሮም ገበሬ ይህን ያውቃል። ሽማግሌው የቡና ችግኝ በጥላ ዛፍ ሥር ሲተክል፤ ፍሬው እስኪታይ ሦስትና አራት ዓመት እንደሚፈጅ፥ እርሱም ላይደርስበት እንደሚችል አይጠፋውም፤ ቢሆንም ይተክላል። በእስር ቤት ያለ ሰውም ከደረቀች ቍራሹ ከፍሎ ለሌላው ሲሰጥ፤ ሁለቱም ነገ ቢሞቱ እንኳ ያ ስጦታ ተሰጥቷል፤ ጠባቂው ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ የእስረኞችን የፍቅር ታሪክ መናገር የተገባ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። የሆነውን ያልሆነ አድርጎ አያስጊጥ፤ የተረፉትን ከሞቱት የተሻሉ አድርጎ አይቍጠር፤ የሙታንንም ቍጥር አይሸሽግ። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈታ ቢሄድ ቅኔውን ሰማ አይባልም። የሙሽሮቹ ደስታ ሰሙ ነው፤ በዚያው ስፍራ ወድቀው የቀሩት ወርቁ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያንም ለሙሽሮች የምትደፋው አክሊል ነው፤ ሰማዕታትም ተቀበሉ የምትለው አክሊል ነው። አንድ ቃል ለሁለቱ የበቃው ቋንቋ ድኻ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሁለቱም ሥራ ራስን ለሌላ መስጠት ስለ ሆነ ነው። ከእስር ቤት ወጥተው የተጋቡትን ስናከብር፤ አክሊላቸውን በሌላ ስፍራ የተቀበሉትንም በዚያው ቃል እናስባቸው። ያን ጊዜ ያች ሁለተኛይቱ ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ ታሪኩን ያለ ኀፍረት ልትሰማው ትችላለች።