የጉማራ ዓሣና የዕውቀት ዕዳ



ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስንሄድ የምንሻገረው የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ የሚገባ ነው። በሐይቁ ከሚኖሩት፥ ላቤዮባርበስ ከሚባሉት ዓሣዎች አንዳንዶቹ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወደዚህ ወንዝና ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ። የሚወጡትም ንጹሕ ውኃ በጠጠር ላይ በሚፈስበት ስፍራ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ነው። በጣና ከሚኖሩት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም።

የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ይህን ሲመረምሩ የዓሣዋን ሆድ ከፍተው ዕንቁላሏን ይመዝናሉ፤ ይቆጥራሉም። በየወሩ እንዲህ ሲደረግ የመራቢያው ወራት መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ይታወቃል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሕይወትን ለማወቅ ሲባል ሕይወትን ማጥፋት ተገቢ ነውን?

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ እንዳይወስድ ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ሕጉ መብላትን አልከለከለም፤ የነገውን ዘር አብሮ ማጥፋትን ግን ከለከለ።

ዓሣ አጥማጁ በወንዙ አፍ መረቡን ዘርግቶ ዕንቁላል የተሸከመችውን ይይዛል። ከወንዙ በላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ የሚበትን አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ወደ ጣና ገቡ። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች እጅግ መመንመናቸውን ጥናቶች አሳይተዋል።

ታዲያ አጥማጁና ተማሪው በምን ይለያያሉ? ሁለቱም እናቲቱን ገድለዋል። አጥማጁ እንኳ ልጆቹን አብልቶበታል። ተማሪው ግን የቆጠረውን ጽፎ፥ ማዕርጉን ተቀብሎ፥ ጽሑፉን በመደርደሪያ ላይ ትቶ ቢሄድ ዓሣዋ የሞተችው ለአንድ ወረቀት ነው። ስለዚህ በጎ አሳብ ብቻውን እኛን ተማሪዎችን አያጸድቀንም፤ ዕውቀት ዕዳ ነውና። ዕዳውም የሚከፈለው በሁለት መንገድ ይመስለናል። አንደኛ፥ አጥማጁ ከያዘው መመርመር ሲቻል ሌላ አለመግደል ነው። ሁለተኛ፥ የተገኘውን ዕውቀት በሚገባው ቋንቋ ለአጥማጁ መመለስ ነው።

«በመራቢያው ወራት አታጥምድ ማለት ለጠገበ ሰው ቀላል ነው» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ክረምት ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ያልራበው የራበውን «ታገሥ» ሲለው ቃሉ ሚዛን አይደፋም። ነገር ግን ገበሬን እንመልከት። እየራበው የዘር እህሉን ሳይበላ የሚያቆየው ጎረቤቱ ሲያበድረው ነው። እንግዲያው አጥማጁን ታገሥ የምንል እኛ አስቀድመን ጎረቤት እንሁነው። በነሐሴና በመስከረም ዕንቁላል የሞላባትን ዓሣ አንግዛ፤ በእነዚያ ወራት ለሚቸገሩት ቤተ ሰቦቹም ከእጃችን እናካፍል። ሳያካፍሉ መምከር የዕዳውን ግማሽ መካድ ነውና።