ለማያምኑበት መጎንበስ

በታይላንድ የቀድሞ መዲና በአዩታያ፣ ዋት ማሃታት የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። በግቢው ውስጥ የአንድ ዛፍ ሥር የቡድሃን ራስ አቅፎ ይዟል፤ አካሉ የለም፣ ፊቱ ብቻ። ፎቶግራፍ የሚፈልግ ጎብኚ ከሐውልቱ ራስ በላይ እንዳይሆን ቁጢጥ ይላል። ሥርዓቱ ነው።

ለመሆኑ የማያምን ሰው ለምን ይጎንበስ? «ይሄማ ግብዝነት ነው፤ ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ግብዝ የምንለው የሌለውን እምነት አለኝ ብሎ የሚያታልለውን ነው። እዚያ ቁጢጥ ያለው እንግዳ ማንን አታለለ? ጠባቂው እንደሆነ እንግዳነቱን ያውቃል። የተጠየቀው እምነት አይደለም፤ ጉልበት ማጠፍ ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ስንገባ ሟቹን ባናውቀውም ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ የለም እንዴ?

የሚከብደው ሌላው ነው። አዩታያን እ.ኤ.አ. በ1767 ያጠፋው የበርማ ጦር ራሱ የቡድሃን ሃይማኖት የሚከተል ነበር። እንግዲህ ማመን ብቻውን እጅ አይዝም ማለት ነው። ዛሬ በግቢው ራስ የሌላቸው ሐውልቶች ተደርድረው ይታያሉ። ከጦርነቱ በኋላም ራስ እየቆረጡ የሚሸጡ ሌቦች መጥተዋል፤ ከመቁረጡ በፊት የሰገደም ይኖር ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

እኔ ከዚያ ሰጋጅ ሌባ ይልቅ፣ ሳያምን ቁጢጥ ብሎ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ አንዲት ጡብ ሳይነካ የሚሄደውን ቱሪስት እመርጣለሁ። ጉልበቱን አሞት ቢያጉረመርም እንኳ።