ያጣ ሰው ፊት ስለ ከንቱነት

የዓለም ሀብት ከንቱ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ አምኜም ተቀብያለሁ። ያልገባኝ፣ ይህ ቃል ሁልጊዜ ካጣ ሰው ፊት ለምን እንደሚነገር ነው።

አባቴ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለውን መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎበት ነበር። በዚህ የሚፈርድበት ሰው አፈራችንን አያውቅም። አሲዳማ ነው፤ ኖራ ካላገኘ ገብሱም ጤፉም ይቀጭጫል። ዲከረንስ ግን ይለመልምበት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራ፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨድ ነበር፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በመኪና አዲስ አበባ ይገባ ነበር። በአዲስ ቅዳም ከተማ ዙሪያ ስንቱ ጎጆ በዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ ለበሰ! እኔም የተማርኩት በእርሱ ነው። ኋላ የዛፍ በሽታ መጣ፤ ዛፉ እንደቆመ ደረቀ። አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ለቅሶው ላይ ዳዊት ያስደገሙኝ መምህር ተነሥተው በሉቃስ ወንጌል ስላለው ባለጠጋ አስተማሩ፤ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ነፍሱን ስለተጠየቀው። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ነደደኝ። በምሳሌው ሰውየው ሞተ፣ እህሉ ቀረ። በእኛ ቀዬ ግን መጀመሪያ የሞተው አዝመራው ነው፤ ሰው ከነዕዳው ቀረ።

ይህን ብዬ ማረፍ በቻልኩ፤ ግን አልቻልኩም። ጌታ በተራራው ስብከት በምድር ስለተከማቸ፣ ብል ስለሚበላው መዝገብም ተናግሯልና፤ ይህ የእኛን ዛፍ አይነካምን? ይነካል። አባቴ ለጤፍ የሚሆን ማሳ እንኳ አላስቀረም፤ ተስፋውን ዛፍ ላይ ጣለ ብባል ምን እመልሳለሁ? ለልጆቹ ነው እላለሁ። ባለጠጋውም እንዲሁ ሊል ይችል ነበር! ይህን መልስ ደጋግሜ ጣልኩት፤ ደጋግሜ አነሣሁት። ልጅ ለማስተማር መትከልና ነፍስን ዕረፊ ለማለት ማከማቸት አንድ አይደሉም እላለሁ፤ ግን ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ የት ላይ እንደሚለያዩ ማን ያያል? እኔ አላየሁም። መምህሩም አላዩም።

ያየሁት ሌላ ነው። ጌታ ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ ያለው ጎልማሳ እጁ ሙሉ ነበር። ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ የአባቱን ቤት ጥሎ የወጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ኢዮብን ግን ሁሉን ካጣ በኋላ ወዳጆቹ መጥተው ሲያስተምሩት፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው። መምህሬ ይህን መጽሐፍ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ታዲያ ከሰሉ በሚጫንበት ዘመን፣ አሥራቱ ሲገባ፣ ስለ ከንቱነት ለአባቴ አንድ ቃል ስለምን አልነገሩትም?

ሀብት ያልፋል፤ ይህን አልክድም። የአባቴ ድካም ከንቱ ነበር ማለት ግን ዛሬ አልችልም፤ ምናልባት አንድ ቀን እችል ይሆናል። ለአርባው ተበድረን እንድንደግስ መምህሩ እናቴን መክረዋታል። በዕዳ ተዝካር አይደገስም ብያታለሁ፤ ጸሎተ ፍትሐቱ ይበቃዋል። ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ።